ልምምድ አቋርጬ ከርሜ ሁለት ቀን የሚፈጅ የዋና ውድድር ደረሰብኝ፣ የቱን ልዋኝ የቱን ልተው? (ኮምቦልቻ)

ሃረጎ_ቁልቁለት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ነዋሪነቴ ደሴ ነው ልምምድ ግን ኮምቦልቻ ወርጄ ነው የምሰራው፣ ደሴ በዚህ ብርድ ውሃ ገብቶ መንቀጥቀጥ ነው ትርፉ። ግንቦት መጨረሻ ላይ የዩኒቨርሲቲ ፈተና ነበረን፣ ፈተናው ሳያልቅ ታይፎይድ ያዘኝ፣ ድኜ ልጀምር ስል ደግሞ የምንሰለጥንበት ሆቴል ገንዳውን አፍስሶ ጥገና ገባ። ባጭሩ ወር ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ውሃ አልነካሁም። አሁን ገንዳው ተሞልቷል፣ መድሃኒቴን ጨርሻለሁ፣ ሀኪሙም ስፖርት መስራት ትችላለህ ብሎኛል። ችግሩ የክለቦች ውድድር ሁለት ሳምንት ምናምን ነው የቀረው፣ ሐምሌ 11 እና 12 እዚሁ ኮምቦልቻ፣ እኔ ደግሞ ጤነኛ እያለሁ በሞላነው ፎርም በአምስት የግል ውድድርና በቅብብል ተመዝግቤያለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት 200 ሜትር ድብልቅ (ቢራቢሮ፣ ጀርባ፣ ደረት፣ ነጻ በየተራ)፣ ብዙም ሳይቆይ 50 ደረት ቀዘፋ፣ ከሰአት 100 ነጻ ቀዘፋ። በሁለተኛው ቀን 100 ደረት፣ 50 ነጻ፣ መጨረሻ ላይ 4 በ50 ቅብብል።

ሳላቋርጥ በፊት 100 ነጻ 1:09 ነበር የምገባው። ትናንት ገብቼ ስሞክር 50ው ምንም አልመሰለኝም፣ 100 ላይ ግን ከ75 በኋላ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጥያቄዬ እነዚህን ሁለት ሳምንታት ጠዋትና ማታ ብሰራ ያመለጠኝን መመለስ እችላለሁ ወይ? ካልሆነስ የቱን ልተው? አሰልጣኛችን ጎበዝ ነው ግን ለክለቡ ነጥብ ስለሚፈልግ እንዲህ ያለ ነገር ማንሳት ከበደኝ።

ጦሳ_ላይ፦
አብሽር ወንድሜ ያልፋል። እኔ ሯጭ ነኝ ስለ ዋና ብዙም አላውቅም ግን ትንፋሽ ትንፋሽ ነው። ጠዋት 11 ሰአት ተነስና የጦሳን ተራራ ሽቅብ በለው። ደሴ እኮ ከባህር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ነው ኮምቦልቻ 1900 ቢሞላ ነው፣ እዚህ ላይ ለፍተህ እዛ ስትወርድ አየሩ ራሱ ያግዝሃል። በአስራ አምስት ቀን ሳንባህ ይከፈታል ወላሂ።

የድሮ_ዋናተኛ፦
ጦሳ ላይ፣ ሀሳብህ ክፋት የለውም ግን ልጁ ከታይፎይድ የተነሳ ነው፣ ያውም ደረት ዋናተኛ ነው፣ ዳገት ያደከመው እግር ይዞ ደረት ቀዘፋ አይዋኝም። ከፍታውም ቢሆን ልጁ ዱሮም ደሴ ነው የሚያድረው፣ የለመደውን አየር አዲስ መድሃኒት አርገን አንስጠው። ቀለል ያለ ሩጫ መጀመሪያው ሳምንት ላይ አንድ ሁለቴ ይሁን፣ ከዛ ይቁም።

ሃረጎ፣ ወደ አንተ ልመለስ። ያመለጠህን በሁለት ሳምንት አትመልሰውም ቁርጡን እወቅ። ግን ነገሩ የሚመስልህን ያህል አልጠፋም፣ ለምን እንደሆነ ልንገርህ ትንሽ ይረዝማል።

ልምምድ ሲቋረጥ ሰውነት ሁሉንም ነገር እኩል አይጥልም። ቀድሞ የሚቀንሰው የደምህ ፈሳሽ ክፍል ነው፣ እሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጀምራል፣ እሱ ሲያንስ ልብህ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ስለሚያንስ በድሮው ፍጥነት ስትሄድ ምትህ ከድሮው በላይ ይመታል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሲሆን ኦክስጅን የመጠቀም አቅምህ በግልጽ ይወርዳል። የጡንቻ ጉልበት ግን እንዲህ ቶሎ አይሄድም ሳምንታት ይቆይልሃል። ትናንት ያየኸው ይሄንኑ ነው። 50 ሜትር ሰላሳ ሰከንድ ናት፣ መጀመሪያዋን አስር ሰከንድ ገደማ ጡንቻህ ውስጥ ተዘጋጅቶ በተቀመጠው ትሄዳለህ ቀሪውን ያለ በቂ ኦክስጅንም ቢሆን ትገፋዋለህ። 100 ላይ ግን ሁለተኛው 50 የሚጠይቅህ በትክክል ያጣኸውን ነገር ነው። 200 ድብልቅ ደግሞ እሱኑ ሁለት እጥፍ ይጠይቅሃል።

ሌላው የሄደብህ ነገር የውሃ ስሜት ነው። መዳፍህና ክንድህ ውሃውን የሚይዙበት ነገር። ደስ የሚለው እሱ ቶሎ ይመለሳል፣ የሚመለሰው ግን ብዙ ኪሎ ሜትር በመዋኘት ሳይሆን ቶሎ ቶሎ ውሃ በመግባት ነው። ስለዚህ በቀን ሁለቴ የምትለውን ተው። በቀን አንዴ፣ አርባ ደቂቃ፣ ከተቻለ ሳታቋርጥ በየቀኑ። መጀመሪያዎቹን አራት አምስት ቀን ድሮ ከምትዋኘው ርቀት ከግማሽ በላይ አትሂድ፣ ከሱም ግማሹ ቴክኒክ ይሁን፣ እጅህን ጨብጠህ ዋኝ፣ ከዛ ጣትህን ስትፈታው ውሃው እጅህ ላይ ሲሞላ ይሰማሃል። እጅህን ወደፊት ዘርግተህ ውሃውን ወዲህና ወዲያ ማንሸራተትም አለ። ደረት ላይ በተለይ ተጠንቀቅ፣ ያልሰራ ጉልበት ላይ ድንገት ሙሉ የደረት ምት ብትጭንበት የጉልበትህ ውስጠኛው ጎንና ብሽሽትህ ይቀየምሃል። መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ የደረት እግር ከ200 ሜትር አይለፍ።

ከዛ የመሀሉ ቀናት ናቸው ዋናዎቹ። እዚህ ላይ ርቀት አትጨምር ፍጥነት አስገባ። 25 ሜትር፣ 100ውን ልትዋኝበት በምትፈልገው ፍጥነት፣ አርባ ሰከንድ እረፍት፣ ስምንት ወይ አስር ጊዜ። በሌላው ቀን አራት ጊዜ 50፣ በመካከሉ ሁለት ደቂቃ ሙሉ እረፍት፣ ግን እንደ መጀመሪያው 50 ሳይሆን የ100 ሁለተኛው 50 በምትለው ፍጥነት። ሰአትህ ከአንድ ሰከንድ በላይ ከዘገየ ልምምዱ አልቋል ውጣ። አንድ ልጨምር ብለህ አትከራከር። የመጨረሻዎቹን ሶስት አራት ቀን ርቀቱን በግማሽ ቀንስ፣ ፍጥነቱን አትቀንስ፣ ቀን አትዝለል። ሌሎቹ ልጆች ወራት የተከማቸ ድካም ስላላቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ነው የሚቀንሱት፣ አንተ ምን ደክመህ ነው የምታርፈው?

ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ የልብ ምትህን ቁጠር። ከለመድከው በአምስት አስር ከፍ ብሎ ካደረ ያን ቀን ቀላል ብቻ። ትኩሳት ከተመለሰ ደግሞ ውሃ የሚባል ነገር የለም ሀኪም ቤት ነው።

ሃረጎ_ቁልቁለት፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ አንቱ ባይነግሩኝ ነገ ጠዋት ሁለት ሰአት ሙሉ ልዋኝ ነበር የተዘጋጀሁት። እጅ ጨብጦ መዋኘት የሚሉትን ዛሬ ከሰአት ሞክሬው እውነትዎን ነው እጄ ሲፈታ ሌላ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ግን የቱን ልተው የሚለውን አልነገሩኝም።

የድሮ_ዋናተኛ፦
200 ድብልቁን ተወው። ሌላው ይቆያል።

ቢራቢሮዋ፦
ጋሼ ይቅርታ ግን እዚህ ላይ አልስማማም 😅 እኔ ድብልቅ ነው የምዋኘው። ሃረጎ የጠዋቱ መጀመሪያ ላይ ነው ያለው፣ ያኔ ትኩስ ነህ፣ ሰውነትህን ይከፍትልሃል ፍርሃቱም ይለቅሃል፣ ደግሞ 200 ላይ የሚመዘገብ ሰው ትንሽ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ ቢራቢሮ 50 ጨርሶ የሚወጣ ስንት ሰው አለ? ዝም ብለህ ብትጨርሰው ነጥብ ነው። ቢራቢሮውን ረጋ ብለህ፣ ጀርባውን እየተነፈስክ፣ ደረቱ ያንተ ነው እሱ ላይ ታልፋቸዋለህ፣ ነጻው እንደምንም ያልቃል።

የድሮ_ዋናተኛ፦
እህቴ አንቺ ቢራቢሮ የምትወጂ ሰው ነሽ ለዛ ነው ቀላል የመሰለሽ። "ረጋ ያለ ቢራቢሮ" የሚባለው ለሰራበት ሰው ነው፣ ወር ሙሉ ውሃ ላልነካ ሰው ቢራቢሮ ሁሌም ፈጣን ነው ምክንያቱም ቀስ ካለ ይሰምጣል። ግን እኔን የሚያሳስበኝ 200ው ራሱ አይደለም ከሱ በኋላ ያለው ነው። 50 ደረት በስንት ደቂቃ ይከተላል?

ሃረጎ_ቁልቁለት፦
በፕሮግራሙ መሰረት ሃያ ደቂቃ ገደማ። ቢፋጠን ከዛም ሊያንስ ይችላል።

የድሮ_ዋናተኛ፦
በቃ መልሱ እሱ ነው። ከ200 ድብልቅ ስትወጣ ደምህ ውስጥ ላክቴት (ጡንቻ በከባድ ስራ ጊዜ የሚያመርተው ነገር) ሞልቶ ነው። ዝም ብለህ ወንበር ላይ ከተቀመጥክ ግማሹ እስኪወርድ ብቻ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል። ቀለል አርገህ ብትዋኝ በጣም ይፈጥናል፣ ግን እዛ ያለው አንድ ገንዳ ነው ሌሎች እየተወዳደሩበት የት ገብተህ ነው የምትዋኘው? ስለዚህ በግማሽ ትንፋሽ 50 ደረት ትገባለህ፣ 50 ደረት ደግሞ ሜዳሊያ ልታገኝበት የምትችለው ነው። ድብልቁ አራተኛ አምስተኛ ያስወጣሃል፣ ደረቱን ያበላሽብሃል፣ ከሰአት 100ውንም ይነካብሃል። ለአንድ ነገር ብለህ ሁለት ነገር ነው የምትሰጠው።

ቢራቢሮዋ፦
እሺ ሃያ ደቂቃ መሆኑን አላየሁም ነበር። ሰአት ቢኖረው ኖሮ ግን አሁንም አቋሜ ያው ነው!!

ስቶፕዋች፦
እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ያ 1:09 የትኛው ገንዳ ላይ ነው የተያዘው? የሆቴል ገንዳ ሁሉ 25 ሜትር አይደለም፣ 20 የሆነ አለ 22 የሆነ አለ፣ ማዕዘን ቆራርጦ የተሰራም አለ። ውድድሩ 25 ላይ ከሆነ 100 ውስጥ ሶስት ጊዜ ትዞራለህ፣ አጭር ገንዳ ላይ ስትለማመድ ከዛ በላይ ትዞራለህ፣ እያንዳንዷ ግድግዳ ደግሞ ገፍታ ነጻ ፍጥነት ትሰጥሃለች። ሰአትህ ከአጭር ገንዳ ከሆነ ውሸታም ሰአት ነው። ሜትር ይዘህ ሂድና ለካው።

አያይዤ፣ የኛው ዋናተኛ ሮቤል ኪሮስ ሪዮ 2016 ኦሎምፒክ ላይ 100 ነጻ 1:04.95 ገብቶ ከ59 ዋናተኛ መጨረሻ ወጣ ተብሎ ስንት ሰው ሳቀበት። ያ እኮ 50 ሜትር ገንዳ ላይ ነው፣ አንዴ ብቻ ነው የምትዞረው። ከሳቁት ውስጥ ስንቱ 1:20 እንኳ ይገባል? የአለም ክብረወሰኑን ደግሞ ፓን ዣንሌ የሚባል ቻይናዊ ፓሪስ 2024 ላይ 46.40 አድርጎታል እሱን ሳስብ ነው የኔ ስቶፕዋች የተበላሸ የሚመስለኝ።

ሃረጎ_ቁልቁለት፦
ስቶፕዋች ሃሃሃ አብሽር 25 ነው ለክተነዋል፣ አሰልጣኙ ራሱ ነው በሜትር የለካው።

የክለብ_ሰው፦
እኔ ያለሁት በሌላ ክለብ ነው ግን የአሰልጣኙንም ጎን እዩለት። ነጥብ የሚቆጠረው በደረጃ ነው፣ አንድ ልጅ ስሙ ወጥቶ መስመሩ ባዶ ሲቀር ክለቡ ያጣል፣ ወላጅም ይጠይቃል። ሃረጎ ዝም ብለህ ቀርተህ እንዳታሳፍረው፣ አሁኑኑ ሂድና ንገረው። "200ውን ልተው፣ በምትኩ 50 ደረትና 50 ነጻ ላይ ነጥብ አመጣለሁ" ብለህ ሂሳብ አርገህ አቅርብለት። አሰልጣኝ ሂሳብ ይገባዋል። "አሞኝ ነበር" ብለህ ብቻ ከሄድክ ግን እሱን ሁሉም ነው የሚለው፣ ሰኔ ላይ ሆዱን ያላመመው ዋናተኛ አላውቅም።

ዳኛ_ወንበር፦
የክለብ ሰው ያለው ልክ ነው። እኔ በዳኝነት በኩል ልጨምር። ከውድድር መውጣት የሚፈልግ ከቴክኒክ ስብሰባው በፊት ወይ እዛው ስብሰባው ላይ በክለቡ በኩል ማስታወቅ አለበት። ብዙ ውድድር ላይ ሳያስታውቅ የቀረ ሰው በሌላው ውድድሩም ጣጣ ሊከተለው ይችላል፣ የናንተን ደንብ አንብብ።

ሌላው ልምምድ ያቋረጠ ልጅ የሚወድቀው በጉልበት ብቻ አይደለም በህግ ነው፣ ሲደክም እጁ ይሳሳታል። ደረት ላይ ስትዞርም ስትጨርስም ሁለት እጅህ እኩል ነው ግድግዳውን የሚነካው፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ ከነካ እኔ እጄን አንስቼ ከውድድሩ ከማስወጣት ውጪ ምርጫ የለኝም። ከግድግዳ ከተገፋህ በኋላ እጅህን እስከ እግርህ ድረስ መሳብ የምትችለው አንዴ ነው፣ የዶልፊን ምትም (ሁለት እግር ገጥሞ እንደ ዓሣ ጭራ መምታት) አንዲት ብቻ፣ ከዛ የደረት እግር። ነጻና ጀርባ ላይ ከ15 ሜትር በላይ ውሃ ውስጥ መቆየት የለም። ደክሞህ ስትጨርስ ጭንቅላትህ ስለ ግድግዳው ብቻ ያስባል፣ ለዛ ልምምድ ላይ ከእያንዳንዷ የደረት 25 በኋላ በሁለት እጅ ንካ፣ እየደከመህም ቢሆን፣ በተለይ እየደከመህ። ኸረ እባካችሁ ልጆቻችሁን ይሄንን አስተምሩልኝ በየውድድሩ እጄ ተነስቶ ነው የሚውለው።

ሐይቅ_ዳር፦
ገንዳ ገንዳ ትላላችሁ እዚህ አጠገባችን ሐይቅ እያለ። ከደሴ ሰላሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሂድና ሁለት ሰአት ዋኝ፣ ትንፋሽ እሱ ነው የሚያመጣው፣ ግድግዳም የለም ብር የሚጠይቅህም የለም።

የድሮ_ዋናተኛ፦
ሐይቅ ዳር ወንድሜ ሀይቁ ያማረ ነው ማሻአላህ፣ ግን ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ውሃ ላይ ከህመም የተነሳ ልጅ ብቻውን አይላክም። ጀልባ ያለው ሰው አጠገብህ ካልሄደ አትግባ። ደግሞ ሁለት ሰአት ዝግ ያለ ዋና ለ50 እና 100 አይጠቅምም፣ ዝግታን ነው የሚያስለምድህ። ከውድድር በኋላ ክረምቱ ሲያልፍ ግን ለመሰረት ጥሩ ነው፣ ያኔ እኔም እመጣለሁ ዓሣ ትጋብዘኛለህ።

በሶ_ብቻ፦
ምግብ ማንም አላነሳም?? ሃረጎ ትጾማለህ? የሰኔ ጾም ነው እኮ።

ሃረጎ_ቁልቁለት፦
እማዬ ትጾማለች ቤት የሚሰራው የጾም ነው እኔም አብሬ ነው የምበላው። ችግር አለው?

በሶ_ብቻ፦
ምንም ችግር የለውም፣ እንዲያውም ለዋናተኛ እንጀራና ሽሮ ምስር ምን ይወጣለታል፣ ሃይሉ ከእህሉ ነው የሚመጣው። ከልምምድ በኋላ ቶሎ ብላ፣ ምስሩን አትሰስት ፕሮቲንህ እሱ ነው። ከታይፎይድ የተነሳ ሆድ ግን በርበሬ አይወድም ለእናትህ አልጫ እንድትሰራልህ ንገራት። የሚያስፈራኝ ጾሙ አይደለም ፍቺው ነው። ሐምሌ 5 ጾሙ ይፈታል ውድድርህ 11 ነው። ወር ሙሉ ስጋ ያልቀመሰ ሆድ ላይ የፍስክ ጥብስ፣ ቅቤ፣ ጎረቤት ሁሉ እየጠራህ፣ እና ውድድሩ ጠዋት ማጣሪያ ላይ ሆድህ ሲገለበጥ ይታየኝ። ቀስ ብለህ ፍታ።

የውድድሩ ቀን ቁርስ ከመጀመሪያው ውድድርህ ሶስት ሰአት በፊት ይሁን፣ እንጀራ በአልጫ ወይ ዳቦ በማር በሻይ፣ አዲስ ነገር አትሞክር። በውድድር መሀል በሶ በውሃና በማር ቀጠን አርገህ በጠርሙስ ያዝ፣ ሙዝ፣ ቴምር። ጥሬ ሽምብራና ባቄላ እንዳትነካ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ ሃሃ። ውሃ ውስጥ ስላለህ የማታልብ ይመስልሃል ግን ታልባለህ፣ ጠጣ።

ቢራቢሮዋ፦
በሶ ብቻ ስምህ ራሱ ምስክር ነው 😂 እኔም በመሀል የምይዘው እሱን ነው። ሃረጎ ጋቢ ያዝ! ጃኬት ብቻ አይበቃም። ሐምሌ ላይ ኮምቦልቻ ከሰአት ዝናብ አይቀርም፣ ገንዳውም ክፍት ነው፣ ነጎድጓድ ካለ ያቆሙታል ከዛ ሰአት ሙሉ እርጥብ ሆነህ ትቀመጣለህ። ማሟሟቂያህ ከውድድርህ ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ቢያልቅ ጥሩ ነው፣ አርባ አምስት ደቂቃ ከቆየህ ሰውነትህ ቀዝቅዞ እንዳልሰራህ ነው። እርጥቡን ቶሎ ቀይር፣ እግርህ ላይ ካልሲ፣ ጋቢውን ተከናነብ፣ እየተራመድክ ክንድህን አወዛውዝ። ከውድድር በኋላ ገንዳ ገብተህ ቀለል አርገህ መዋኘት ካልቻልክ እንዲሁ እየተራመድክ ቆይ፣ ከውድድር እንደወጣህ ዘጭ ብለህ አትቀመጥ።

ጦሳ_ላይ፦
ጋቢ ተከናንቦ መነሻ ብሎክ ላይ የሚወጣ ዋናተኛ ለማየት ራሴ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ።

ሃረጎ_ቁልቁለት፦
አሰልጣኙን አናገርኩት። የክለብ ሰው እንዳለኝ በሂሳብ ነው ያቀረብኩለት። 200ውን ወዲያው ተቀበለኝ፣ "እኔም ላነሳብህ ነበር" አለኝ። 100 ደረትንም ልተው ስለው ግን እምቢ አለ፣ ሌላ ደረት የሚዋኝ ልጅ የለንም። ጋሼ ምን ይላሉ?

የድሮ_ዋናተኛ፦
ትክክል ነው አሰልጣኝህ፣ ዋኘው። ሁለተኛው ቀን መጀመሪያ ላይ ነው፣ አዳርህን ተኝተህ ነው የምትመጣው። የመጀመሪያውን 50 ከሙሉ ፍጥነትህ ትንሽ ያዝ አርገው፣ የቀዘፋህን ምት ቁጠር፣ ልምምድ ላይ 25ቱን በስንት ምት እንደምትሄድ እወቅና ከዛ አትብዛ። ደረት ላይ የደከመ ሰው ምቱን ያበዛል መንሸራተቱን ይረሳል፣ በጉልበት ሲታገል እዛው ይቀራል። ከሱ በኋላ ለ50 ነጻ ስንት ጊዜ አለህ?

ሃረጎ_ቁልቁለት፦
ሰአት ተኩል ገደማ።

የድሮ_ዋናተኛ፦
ከበቂ በላይ ነው። የቅብብሉን ተራ ግን ተነጋገሩ። ከመስመሩ ላይ ቆመህ ስትጠብቅ የሚመጣው ልጅ ግድግዳውን ሳይነካ እግርህ ከብሎኩ ከለቀቀ አራታችሁም ከውድድሩ ትሰረዛላችሁ፣ አንተ ብቻ አይደለህም። ልምምድ ላይ ከሚቀድምህ ልጅ ጋር ተነጣጥለህ አትስራ፣ የሱን የመጨረሻ ሶስት ምት አይተህ የምታውቀው እስኪሆን ድረስ ደጋግሙ። ሌሎች ክለቦች ይሄን አይሰሩትም፣ እዛ ላይ ግማሽ ሰከንድ በነጻ አለ።

ስቶፕዋች፦
የመነሻውንም። በአሁኑ ህግ አንዴ ቀድሞ የዘለለ ያው ወጣ ነው፣ ሁለተኛ እድል የሚባል የለም። ወር ያልዘለለ ልጅ ስለሆንክ ዝላይ በየቀኑ አምስት ስድስት ስራ። ገንዳው ጥልቀት ባለበት በኩል ብቻ!! ሆቴል ገንዳ ላይ በጥልቁ በኩል ካልሆነ አይዘለልም።

ሃረጎ_ቁልቁለት፦
እሺ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከዚህ በኋላ ልምምዴን ልስራ። ውድድሩ ሲያልቅ እጽፋለሁ።

ቢራቢሮዋ፦
???? ሐምሌ 13 ሆኖ ምንም አልተጻፈም። ሃረጎ በህይወት አለህ?

ሃረጎ_ቁልቁለት፦
አለሁ አለሁ፣ ትናንት ማታ በመጨረሻው ሚኒባስ ነው የወጣሁት፣ ወደ ደሴ በሚወስደው የሃረጎ ዳገት ላይ ጉም ነበር በእግር የምንሄድ ነው የመሰለኝ፣ ቤት ስገባ ተኛሁ።

50 ደረት ሁለተኛ ወጣሁ። 200 ድብልቁን የዋኙት ከጎኔ ቆመው ሲያለከልኩ አይቼ ጋሼን በልቤ መረቅኋቸው። 100 ነጻ 1:12.3፣ የመጀመሪያው 50 ጥሩ ነበር፣ ሁለተኛው ላይ የፈራሁት ደረሰ ግን እጄ ቀጥ አላለም። ሁለተኛው ቀን 100 ደረት ሶስተኛ፣ ምት ቆጥሬ ነው የዋኘሁት፣ ቀድመውኝ ከሄዱት አንዱን የመጨረሻው 25 ላይ ነው ያለፍኩት። 50 ነጻ ከጤናዬ ሰአት በግማሽ ሰከንድ ብቻ ነው የዘገየሁት። ቅብብል አራተኛ፣ ሁለተኛ የነበረው ክለብ ቀድሞ ዘሎ ከወጣ በኋላ ሶስተኛ ሆንን።

ዳኛ_ወንበር፦
የወጡት ለምን እንደሆነ አይቻለሁ 🙂 እንኳን ደስ አለህ።

ጦሳ_ላይ፦
ጋቢውስ?

ሃረጎ_ቁልቁለት፦
ሁለቱንም ቀን። ከሰአት ዝናቡ ሲመጣ ሶስት ልጅ አብሮኝ ተከናንቦ ነበር።

የድሮ_ዋናተኛ፦
ሸጋ ነው ልጄ። 100ውን በ50 50 ከፍለህ ስንት ስንት እንደሆነ ንገረኝ።

ሃረጎ_ቁልቁለት፦
አሰልጣኙ ይዞታል፣ 33.6 እና 38.7።

የድሮ_ዋናተኛ፦
አምስት ሰከንድ ልዩነት። ከመነሻ ዝላይ የተነሳ ሁለት ሶስቱ የተለመደ ነው፣ ቀሪው የወሩ ነው። ይሄን ሳምንት አራት ቀን እረፍ፣ ከዛ ነሐሴን ሙሉ ፍጥነት የሚባል ነገር እርሳና 200፣ 300፣ 400 እያልክ እያወራህ መሄድ በምትችልበት ትንፋሽ ዋኝ። 25ቱን በፍጥነት የምትሰራው በሳምንት አንዴ ብቻ። ገንዳው ክረምቱን ይዘጋል ወይስ ይሰራል?

ሃረጎ_ቁልቁለት፦
ይሰራል ግን ጠዋት ከ3 ሰአት በፊት አይከፍቱም ጋሼ፣ ነገ ሄጄ ሌላ ሰአት እንዲሰጡን እጠይቃቸዋለሁ።